ጓያ፣ ነርቭ እና የገበሬው እግር

ጓያ ድርቅንም ውኃ የሚተኛበትን መሬትም ችሎ ያፈራል። ችግሩ የሚጀምረው ሌላው እህል ጠፍቶ ማዕዱ ለወራት ጓያ ብቻ ሲሆን ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰዎችን ለምርኩዝ ዳርጓል፤ ይበልጥ የተጎዱት ወጣት ወንዶች ናቸው። ከባድ የጉልበት ሥራ ጉዳቱን እንደሚያባብሰው ይታመናል።

መርዙ የሚያጠቃው ጡንቻን ሳይሆን ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱትን ነርቮች ነው። ጡንቻ ደግሞ ያለ ነርቭ ሥራውን አያውቅም። ገበሬ ሞፈር ጨብጦ ሲውል በነርቭ የሚመጣው ትእዛዝ በጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ያስለቅቃል፤ ይህም ፒጂሲ ዋን አልፋ የተባለውን ዘረ መል ይቀሰቅሳል፤ በዚህም ኃይል አመንጪዎቹ ማይቶኮንድሪያዎች ይበዛሉ። የአራሽ ጽናት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ትእዛዙ ሲዛባ ግን እግር ይገተራል፤ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል፤ ተረከዝም መሬት አይረግጥም። እንቅስቃሴ መገጣጠሚያን ከመድረቅ ይጠብቃል እንጂ የሞተውን ነርቭ አይመልስም።

በወሎ ከደረሰው ወረርሽኝ በኋላ የተደረገው ጥናት ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ለጉዳት እንደሚያጋልጡ፣ በቦካው እንጀራና በወጡ ግን ይህ እንዳልታየ አሳይቷል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባሉ ቀበሌዎችም ጓያ የሚበላ ቤተሰብ እህሉን ዘፍዝፎ ውኃውን ቢደፋ፣ ከሌላ እህልም ጋር ቢቀላቅል መርዙ ይቀንሳል።