ዎክ፦ የሚሟሽ ብረት

ዎክ አፉ ሰፊ፣ ታቹ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የከበበ የቻይና መጥበሻ ነው። ስሙ ከካንቶን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ዘመዶቹ በየአገሩ አሉ፤ ሕንዶች ካራሂ፣ ኢንዶኔዥያውያን ዋጃን፣ ፊሊፒኖች ካዋሊ ይሏቸዋል። በቻይና የሐን ሥርወ መንግሥት መቃብሮች ውስጥ፣ ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሙታን ጋር የተቀበሩ ትንንሽ የሸክላ ምድጃዎች ተገኝተዋል፤ ላያቸው ላይ የተጣደው ዕቃ ዎክን ይመስላል። ይጠበስበታል፣ ይቀቀልበታል፣ የቀርከሃ ወንፊት ተደርቦበት በእንፋሎት ይበሰልበታል። ዎክ ያለው ቤት ሌላ መጥበሻ ባይኖረው ብዙ አይጎድልበትም።

ቻይናዎች በዎክ የሚሠሩትን ዋናውን ሥራ «ቻው» ይሉታል። እንግሊዝኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረውም፤ የሐኪሟ የቡዌይ ያንግ ቻው የምግብ መጽሐፍ በ1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲታተም፣ ማማሰልንና መጥበስን ያጣመረ አዲስ ቃል ይዞ ወጣ። የቃሉ ፈጣሪ ተብሎ የሚጠቀሰው የቋንቋ ሊቅ የነበረው ባሏ ዩዌን ሬን ቻው ነው። አማርኛ እንዲህ ዓይነት ችግር የለበትም። ገብሱም ቡናውም ይቆላል፣ ሽንኩርቱም ይቁላላል፤ ሁለቱም ላይ እሳቱ ይነዳል፣ እጅ አያርፍም። ቻይናዎችም ገብስና ኦቾሎኒ ሲቆሉ የሚጠቀሙት ያንኑ «ቻው» የሚለውን ቃል ነው። ስለዚህ ዎክ ለአማርኛ ተናጋሪ ሲተረጎም ከመጥበሻ ይልቅ መቁያ ቢባል ሥራውን ይበልጥ ይገልጸዋል።

የዎክ ምግብ ርካሽነት የሚጀምረው ከመክተፊያው ነው። ሁሉም ነገር ስለሚደቅ እሳት ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ማገዶውም ዘይቱም ይቆጠባል። ሥጋው አጃቢ እንጂ ንጉሥ አይደለም። ሩብ ኪሎ ሥጋ፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ካሮት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ሶያ ሶስ ከሩዝ ጋር አራት ሰው ያጠግባሉ። ፍራይድ ራይስ የሚሠራው ባደረ ሩዝ ነው፤ ትኩስ ሩዝ እርጥበቱ ስላልለቀቀው ተጣብቆ ይላቁጣል። ማደር ማለት ግን ፍሪጅ ውስጥ ማደር ነው። የተቀቀለ ሩዝ ድስት ውስጥ እንደተከደነ ውጭ ካደረ ሆድ ያማል፤ እንደገና ማሞቁም አያድነውም።

ከቤት ውጭ ሲበላ ደግሞ ሰው የሚገዛው እሳቱን ነው። በሆንግ ኮንግ የመንገድ ዳር ድንኳኖችም ሆነ በሲንጋፖር የምግብ አዳራሾች ውስጥ ከዎኩ ሥር የሚነደው ጋዝ ከቤት ምድጃ አሥር እጥፍ ያህል ይበረታል። ሲንጋፖር ጎዳና ለጎዳና ይሸጡ የነበሩ ምግብ ሻጮችን ከ1971 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውሃና ፍሳሽ ወደተዘረጋላቸው አዳራሾች አስገብታለች፤ ይህ የአዳራሽ ባህል በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። አዲስ አበባ ያሉ የቻይና ምግብ ቤቶች ውድ ናቸው የሚል ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታው በከፊል ከአስተዛዘዝ የሚመጣ ነው። ምግቡ መሐል ተቀምጦ በጋራ እንዲበላ የተሰናዳ ሆኖ ሳለ፣ በገበታ ዙሪያ አብሮ መብላት የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ ለየራሱ አንዳንድ ሳሕን ያዛል። ለአራት ሰው ሦስት ዓይነት ወጥቶ ሩዝ ቢጨመርበት ሒሳቡም ይቀላል፣ ጣዕሙም ይበዛል።

ካንቶኖች በደንብ ከጋለ ዎክ የሚወጣውን የጭስ ጣዕም «ዎክ ሄይ»፣ የዎክ እስትንፋስ፣ ይሉታል። ምግቡ ወደ ላይ ሲወረወር የዘይት ጠብታዎች ከዎኩ ከንፈር ያልፉና እሳቱ ይይዛቸዋል፤ ጣዕሙ በከፊል ከዚያ ይመጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ሩዝ የሚጠብሱ አምስት ወጥ ቤቶችን በካሜራ ቀርጸው ሲያጠኑ፣ አንዱ ውርወራ የሲሶ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚወስድ አግኝተዋል። ወጥ ቤቱ ዎኩን አያነሣውም፤ በምድጃው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ይገፋዋል፣ ይስበዋል።

በቤት ውስጥ ይህ አይሆንም፤ አይሞከርም። በቡታጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ዎኩን ማንሣትና መወርወር ያለችውን ጥቂት ሙቀት ማባከን ነው፤ በማማሰያ መገልበጥ ይበቃል። ዋናው ዘዴ ምግቡን ከፋፍሎ ማብሰል ነው። ጥብስ የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም፤ ሥጋው አንድ ጊዜ ከታጨቀበት ውሃ ያወጣል፣ ጥብስ መሆኑ ቀርቶ ቅቅል ይሆናል። ለኤሌክትሪክ ምድጃ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ዎክ ይገዛል። ክቡ በከሰል ምድጃ አፍ ላይ እንደ ልኩ ይቀመጣል።

ስለ ዎክ ከሚነገሩት ስሕተቶች ሁሉ ጉዳቱ የከፋው አንድ ነው፤ ጥቁረቱን እድፍ አድርጎ ማየት። ደህና ዎክ የሚሠራው ከተራ ብረት ነው፤ አዲስ ሲሆን ግራጫ ነው፣ ይዝጋል፣ ምግብ ይይዛል። ጥቁር፣ ለስላሳና የማይዝ የሚያደርገው ፋብሪካው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ምጣድ ማሟሸት ማለት ነው።

አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ መጥቶ በዚያው ዕለት እንጀራ አይጋገርበትም። እየጋለ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል፤ ቅባቱ ሸክላው ውስጥ ይገባል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፣ ይቆራርሰዋል። ዎክም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ስስ ዘይት በከፍተኛ ሙቀት ከአየር ጋር ሲገናኝ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ዘይትነቱ ቀርቶ ደረቅ ቅብ ይሆናል። ይህ ቅብ በውሃ አይለቅም፣ ሲነካ አያጣብቅም፣ ብረቱንም ከዝገት ይጋርዳል። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ቶሎ የሚደርቁ ዘይቶች ናቸው። የተልባ ዘይት በዚህ የታወቀ ነው፤ ሥዕል ሠሪዎች ቀለማቸውን የሚለውሱበትም በዚሁ ጠባዩ የተነሣ ነው። የጎመን ዘር ዘይትም የመድረቅ ጠባይ አለው። ጎመን ዘርን ለምጣድ የመረጡ እናቶች የኬሚስትሪ መጽሐፍ አላነበቡም፤ መጽሐፉ ግን የእነሱን ምርጫ ይደግፋል።

የዎክ ማሟሸት ሥርዓት እንዲህ ነው። አዲሱ ዎክ በመርከብና በመጋዘን እንዳይዝግ የፋብሪካ ቅባት ተቀብቶ ስለሚመጣ፣ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በሽቦ በደንብ ይፈተጋል። ቀጥሎ መስኮት ተከፍቶ ባዶውን ከባድ እሳት ላይ ይጣዳል። ብረቱ ሲግል ከግራጫ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ እያዘነበሉ ጎኑንም ማዳረስ ነው። ጥቂት ቀዝቀዝ ሲል በጣም ስስ ዘይት ይቀባል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ጭሱ እስኪያበቃ ይሞቃል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። ዘይቱን ማብዛት የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ወፍራም ዘይት ይንጠባጠብና የሚያጣብቅ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ቻይናዎች መጨረሻ ላይ ዝንጅብልና ቅጠላማ ሽንኩርት በዘይት ይቆሉበትና ይጥሉታል፤ ይህም የብረቱን ሽታ ያወጣል። ቀሪውን ዕለት ዕለት መጥበስ ይጨርሰዋል።

ይህን ሁሉ አንድ የድስት ማጠቢያ ሽቦ በሩብ ሰዓት ያፈርሰዋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሁለት ዓመት ያሟሸው ዎክ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በመጣች ቅን ዘመድ እጅ ተፈትጎ እንደ ብር እያበራ ጠብቆታል፤ «እንዴት እንዲህ ያለ እድፍ ላይ ታበስላለህ!» የሚል ተግሣጽም ተጨምሮበታል። ዘመዲቱ በዚያው እጇ የራሷን ምጣድ በሽቦ ብትፈትግ ጎረቤት አበደች ይላት ነበር። ከእንጀራ ምጣድ ላይ ጥቁረቱ ይልቀቅ የሚል ሰው የለም። ዎክም ያንኑ ክብር ይፈልጋል።

ሽቦ ብቻም አይደለም። ኮምጣጤ፣ ሎሚና ቲማቲም ቅቡን ይበሉታል። መጨረሻ ላይ ጠብ የምትል ሎሚ አትጎዳውም፤ የቲማቲም ስልስ ለአንድ ሰዓት ማንተክተክ ግን የድስት ሥራ ነው። ቅጥ ያጣ ችኮላ የያዘው ሰው የማይዝ ቅብ የተቀባ የፋብሪካ ዎክ ይገዛል፤ ያ ቅብ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መበላሸት ስለሚጀምር፣ ዎክ ከሚፈልገው እሳት ጋር አይስማማም። ገንዘቡ የባከነ ነው።

ዎክ የሚታጠበው ገና ሞቅ እንዳለ፣ በሙቅ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ወይም በስፖንጅ ነው። ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አይጎዳውም፤ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ማደር ግን ያዝገዋል። ታጥቦ እሳት ላይ ይደርቃል፣ ስስ ዘይት ይነካል። ለወራት የማይሠራበት ከሆነ ዘይት ተቀብቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ዝገት ቢታይበትም አይጣልም፤ ዝገቱ በሽቦ ይፈተግና እንደ አዲስ ይሟሻል። ሽቦ ዎክ ላይ የሚፈቀደው ያን ጊዜና ገና አዲስ ሳለ ብቻ ነው።