ስለ አሮጌ ቴሌፎኖች መሰብሰብ

በትምህርት ቤታችን ቴምብር የሚሰበስቡ፣ አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስቡ ልጆች መኖራቸው የታወቀ ነው። እኔ የምሰበስበው ግን በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበትን፣ አያቶቻችን በወጣትነታቸው ይነጋገሩበት የነበረውን ከባድ ቴሌፎን ነው። እስካሁን ሰባት ደርሰውልኛል። «ይህ ምን ይረባሃል?» የሚሉኝ ሰዎች ስለ በዙ፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ነገሩን በመጠኑ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «ስልክ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። «ደወለ» የምንለውም ከደወል የወጣ ነው። ዛሬ በየኪሳችን የያዝነው ሞባይል ሽቦም ደወልም የለውም፤ ሆኖም ሁላችንም «ስልክ ደውልልኝ» እንላለን። እንግዲህ ሽቦውንና ደወሉን በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ለመረዳት የሚወድ ሰው አሮጌውን ቴሌፎን በካቻቢቴ መክፈት አለበት።

ቴሌፎን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ራስ መኰንን በ1882 ዓ. ም. ከኢጣልያ ሲመለሱ መሣሪያውን ይዘው እንደ መጡ ይነገራል። ድምፅ ብቻውን ከሣጥን ውስጥ ሲናገር የሰሙ ካህናትም «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ነገሩን ለማስቀረት እንደ ሞከሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንዳልተቀበሏቸው ይተረካል። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሆነውን መስመር የመዘርጋቱ ሥራ የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ነው። የዚያን ጊዜው ቴሌፎን በጎኑ ያለው እጀታ እየተዘወረ የሚጠራ ነበር እንጂ ቁጥር የሚደወልበት አልነበረም። ጠሪው እጀታውን ዘውሮ ቴሌፎኒስቱን ያገኛል፤ ቴሌፎኒስቱም የሚፈለገውን ሰው መስመር ከጠሪው መስመር ጋር በገመድ ያገናኛል። በ1945 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ በአዲስ አበባ ሰው ሳያገናኝ ራሱ የሚያገናኘው አውቶማቲክ ቴሌፎን እየተስፋፋ ሄደ። መሥሪያ ቤቱ በየዘመኑ ስሙን ለውጧል፤ አገልግሎት፣ ባለሥልጣን፣ ኮርፖሬሽን ተብሎ በ2003 ዓ. ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። እኔ የምሰበስባቸው ቴሌፎኖች ከቦርዱ ዘመን እስከ ባለሥልጣኑ ዘመን ያገለገሉት ናቸው።

ራሱ የሚያገናኘውን ማዕከል የፈለሰፈው አልሞን ስትሮውጀር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው መሐንዲስ አልነበረም፤ በካንሳስ ሲቲ ከተማ ሬሳ አስገንዞ የሚያስቀብር ነጋዴ ነበር። ቴሌፎኒስቷ የተፎካካሪው ሚስት ስለ ነበረች፣ እርሱን ፈልጎ የሚደውለውን ሐዘንተኛ ሁሉ ወደ ባልዋ ሱቅ ታገናኝበት ነበር ይባላል። ነገሩ እውነት ይሁን ተረት፣ ስትሮውጀር ቴሌፎኒስት የማያስፈልገውን መሣሪያ አስቦ በ1891 እ. ኤ. አ. የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በሚከተለው ዓመትም የመጀመሪያው አውቶማቲክ ማዕከል በኢንዲያና ግዛት በላ ፖርት ከተማ ተከፈተ። በንዴት ከተሠሩ ነገሮች መካከል ይህን ያህል የጠቀመ ጥቂት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለ ዐሥር ቀዳዳውን መዞሪያ በጣታችን ይዘን ስንስበው ምንም ነገር ወደ ማዕከሉ አይሄድም፤ ውስጥ ያለውን ሞላ ማጥበቃችን ብቻ ነው። ጣታችንን ስንለቅ ግን ሞላው መዞሪያውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ በሚመለስበትም ጊዜ በመስመሩ ውስጥ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ እየቆረጠ ይቀጥለዋል። 3 ብንደውል ሦስት ጊዜ፣ 7 ብንደውል ሰባት ጊዜ፣ 0 ብንደውል ዐሥር ጊዜ ይቆረጣል። ማዕከሉ ቁርጡን ቈጥሮ የፈለግነውን ያገኛል። ፍጥነቱ በአንድ ሴኮንድ 10 ቁርጥ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 111222 የሆነ ሰው መሣሪያው ምቱን የሚልክበት ጊዜ ቢደመር ከ1 ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ቁጥሩ 999000 የሆነው ግን 5.7 ሴኮንድ ይፈጃል። የጣታችን ጊዜ አልተቈጠረም። በድሮ ዘመን 9 እና 0 የበዛበት ቁጥር የደረሰው ሰው ወዳጆቹን ያደክም ነበር ማለት ነው!

የሚያስደንቀው ግን ፍጥነቱ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ሞላው ሲጠብቅ ኀይለኛ፣ ሲላላ ደካማ ነው፤ ሆኖም መዞሪያው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል ፍጥነት ይመለሳል። ከጀርባው ትንሽ የብረት ጽዋ አለች፤ በጽዋይቱም ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ክብደቶች በፍጥነት ይሽከረከራሉ። ፍጥነቱ ሲበዛ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ተወርውረው የጽዋይቱን ግድግዳ ይነካሉ፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይገታል። ሲቀንስ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። የሰማነው ሁሉ የምናስታውሰው ያ «ትርርርር» የሚለው ድምፅ የዚህ ሥራ ድምፅ ነው። ጽዋይቱ በአቧራ ከተሞላች፣ ወይም አንድ ደግ ሰው የምግብ ዘይት ካፈሰሰባት፣ ምቱ ይዘገይና ማዕከሉ ይሳሳታል፤ አክስታችንን ፈልገን ከማናውቀው ሰው ቤት እንደርሳለን።

ከዚህ ጋር አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በብዙ ቤት የቴሌፎን ሒሳብ እንዳይበዛ ሲባል መዞሪያው ትንሽ ጓጉንቸር ይገባበት ነበር። አጎቴ እንደ ነገረኝ ግን ልጆቹ መላ አላጡም፤ እጀታው የሚቀመጥበትን መጫኛ በጣት ቶሎ ቶሎ እየመቱ ይደውሉ ነበር። እርሱም መስመሩን ይቆርጣልና፣ ሦስት ጊዜ ሲመታ 3 ተደወለ ማለት ነው። ይህን የጻፍሁት ለሳይንሱ ስል መሆኑን ወላጆች ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እነዚህን ቴሌፎኖች የት አገኘሃቸው ለሚለኝ ሰው፦ ሠፈራችን አያት አዲስ ሠፈር ነው፤ በ1950ዎቹ የእርሻ ማሳ ነበረ። ስለዚህ እዚህ ያሉት አሮጌ ዕቃዎች ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ ወደዚህ የተዛወሩ ቤተ ሰቦች ከነሣጥናቸው፣ ከነምንጣፋቸው፣ አንዳንዶቹም ከነቴሌፎናቸው መጥተዋል። በአዲሱ ቤት ቦታ ሲጠብ ቴሌፎኑ መጀመሪያ ለቆራሌው ይሰጣል። ቆራሌው ደግሞ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስደዋል። እዚያ የሚፈለገው በውስጡ ያለው መዳብ ነው፤ ስለዚህ ይሰበርና በኪሎ ይሸጣል። እኔ በሠፈራችን ለሚዞረው ቆራሌው «ወንድሜ፣ ቴሌፎን ካገኘህ ሳትሰብረው አሳየኝ» ብዬ ተዋውለናል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝን ጥቁር ቴሌፎን አምጥቶ፣ «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ልታወራበት ነው?» አለና በጣም ሣቀ። አሁን እርሱም ለምዶ ሽቦው እንዳይበጠስ በጥንቃቄ ይዞልኝ ይመጣል።

የቴሌፎን ዘመን በሚሠራበት ነገር ይታወቃል። ጥቁሩና ከባዱ ከባክላይት የተሠራ ነው። ባክላይትን የፈለሰፈው በቤልጂግ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ ሲሆን ጊዜውም 1907 እ. ኤ. አ. ነው። በአውራ ጣት እስኪሞቅ ቢታሽ የመድኀኒት ቤት ሽታ ይሸታል። ከ1930ዎቹ እ. ኤ. አ. ጀምሮ በዓለም የታወቀውን የባክላይት ቴሌፎን ቅርጽ ለስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ የነደፈው ዣን ሃይበርግ የሚባል የኖርዌይ ሠዓሊ ነው፤ መስመሩን ለተመለከተ የሠዓሊ እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። ቀላሎቹና ቀለም ያላቸው፣ ግራጫና ቀይ የመሳሰሉት፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። እኔ ጥቁሮቹን እወዳለሁ፤ ቀዮቹ መጫወቻ ይመስሉኛል። አክስቴ ከስቶክሆልም የላከችልኝ አንዱ ደግሞ ልዩ ነው። በስዊድን አገር ይሠራበት በነበረው መዞሪያ 0 የሚገኘው ከ1 በፊት ነው፤ ስለዚህ 0 አንድ ምት፣ 1 ሁለት ምት ይልካል። ከዚያ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ስለ ማጽዳት፦ ባክላይት በውስጡ የላመ ሰጋቱራ አለበት፤ ላዩ ላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ስስ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የነካው እንደሆነ ሽፋኑ ይገፈፍና ከሥሩ ያለው ሸካራ ነገር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞ መልኩን አያገኝም። በሳሙና በረጠበ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም ቀለል ያለ መወልወያ መቀባት ይበቃል። ድምፁ የደከመ ከሆነ የአፉን ክዳን ፈትቶ በውስጡ ያለውን ክብ ሣጥን ቀስ ብሎ መምታት ያስፈልጋል፤ በዚያ ውስጥ ያሉት የከሰል ቅንጣቶች በዕድሜ ብዛት ተጣብቀው ይሆናልና። ገመዱ ግን አስቸጋሪ ነው። ሽቦው ተራ ሽቦ ሳይሆን በክር ላይ የተጠመጠመ እጅግ ስስ የመዳብ ቅጠል ስለ ሆነ ለብየዳ አይመችም። ከመስመር ጋር የተያያዘ ቴሌፎን ደግሞ ፈጽሞ አይከፈት፤ ደወሉን የሚያስጮኸው ኤሌክትሪክ ከ75 ቮልት ሊበልጥ ይችላል።

ከሁሉ የምጠነቀቅለት ግን በመዞሪያው መካከል ያለችውን ክብ ወረቀት ነው። በእርስዋ ላይ የቤቱ ቁጥር ይጻፋል። በ1950ዎቹ በታተሙ የአዲስ አበባ ማስታወቂያዎች ላይ 5 አኀዝ ያለው ቁጥር እናያለን፤ በኋላ 6 ሆነ፤ ከ1998 ዓ. ም. መጀመሪያ አንሥቶ አንድ አኀዝ ከፊት ተጨምሮ 7 ሆኗል። ስለዚህ ወረቀቷ የዕቃውን ዘመን ትነግረናለች።

ከሠፈራችን አንዲት እናት ከመሀል ከተማ የኖሩበት ቤት ለልማት ሲፈርስ ወደ አያት የመጡ ናቸው። ቴሌፎናቸው በዳንቴል ተሸፍኖ በሣሎን ተቀምጦ ስላየሁ «እማማ፣ ይህን ይሰጡኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ዳንቴሉን ገልጠው ወረቀቷን አሳዩኝ። 6 አኀዝ ናት። ልጃቸው በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል ከአገር ወጥቶ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በዚያ ቴሌፎን ይደውልላቸው ነበር፤ ከ1990 ዓ. ም. ወዲህ ግን ድምፁን አልሰሙም። «ቁጥሩ ሲለወጥ እኔ አለቀስሁ፤ ሰዉ ሣቀብኝ» አሉኝ። «ልጄ የሚያውቀው ይችን ቁጥር ነው። ለቴሌዎቹ ሄጄ፣ በድሮው ቁጥር ቢደውል ያገኘኝ ይሆን? ብዬ ጠይቄ ነበር።» ከዚያ ወዲያ ስለ መስጠት አልተነጋገርንም። በፈቃዳቸው ቴሌፎኑን ጠረግሁት፤ ተጣብቆ የነበረውን መዞሪያም አላቀቅሁላቸው። ወረቀቷን አልነካሁም። ሲጨርስ አንድ በአንድ ያንን ቁጥር ደወሉት፤ ቴሌፎኑ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ እሳቸው ግን ጆሮአቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አኀዝ ደወሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቴሌፎን አንድ ገጽ በደብተሬ ከፍቻለሁ። በገጹም ቴሌፎኑ የነበረበት ሠፈር፣ ቁጥሩ፣ ስንት ጎረቤት ይጠራበት እንደ ነበረ ይጻፋል። የእማማ ገጽ ስምንተኛው ነው፤ ዕቃው በእኔ ዘንድ ባይኖርም።

ዛሬ እነዚህን ቴሌፎኖች ከቤት መስመር ጋር አያይዞ መደወል ይቻላል ወይ ለሚለው፦ ከአዳዲሶቹ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የመዞሪያውን ምት ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ በአሜሪካ በ1963 እ. ኤ. አ. የተጀመረውን የቁልፍ ድምፅ ብቻ ያውቃሉ፤ ለእነዚህ በመካከል ምቱን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ይገባል። መስመር የሌለው ግን ሁለት ቴሌፎኖችንና አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ተራ በተራ በአንድ ዙር በሽቦ ቢያያይዝ ከክፍል ወደ ክፍል ጥርት ባለ ድምፅ መነጋገር ይችላል። እኔና ታናሽ እኅቴ ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤት እንዲህ አድርገን እንነጋገራለን። ባትሪው ደወሉን ለማስጮህ ስለማይበቃ፣ እስካሁን እርስዋ ግድግዳውን በማንኪያ ትመታለች፤ እኔም ስልኩን አነሣለሁ።