የደመወዝ ወለልና የቢቸና፣ የሞጣ ለፍቶ አዳሪ

የደመወዝ ወለል የሚባለው፣ ሠራተኛው ራሱ ባነሰ ክፍያ ልሥራ ብሎ ቢስማማ እንኳ አሠሪው ከዚያ በታች እንዳይከፍል ሕግ የሚቆርጠው መጠን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ወለል በተግባር የሚያውቀው የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው። እስከ 2016 ዓ.ም. 1,100 ብር የነበረው ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። አኃዙ ከአምስት እጥፍ በላይ ቢያድግም፣ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብዙ ሸቀጥ ስለተወደደ፣ ጭማሪው ባመዛኙ ኑሮ የበላውን ገቢ መተካት እንጂ ማበልጸግ አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ወለሉን በጥናት ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው እንዲያሻሽል ቢደነግግም፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ደጋግሞ ቢጠይቅም፣ ለግሉ ዘርፍ ቁጥሩ ሳይቆረጥ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ በቢቸና የትምህርት ቤት ጥበቃው በመንግሥት ውሳኔ ሲጨመርለት፣ ከመንገዱ ማዶ በሆቴል ዕቃ የምታጥበው ሴት የምታገኘው ባለቤቱ የፈቀደውን ነው፤ የጤፍ ዋጋ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። በግለሰብ ቤት የተቀጠረችውን የቤት ሠራተኛማ አዋጁ ከነአካቴው አያቅፋትም።

ወለል ቢቆረጥ ሥራ ይጠፋል ወይ የሚለው ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትን ለረጅም ዘመን አከራክሯል። የጥንቱ ትምህርት ጉልበትን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ስለሚያየው፣ ዋጋው ሲጨምር ገዢው ይቀንሳል ይላል። ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር ግን በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት በ1992 እ.ኤ.አ. የሰዓት ክፍያው ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ሲያድግ፣ የፈጣን ምግብ ቤቶች ሠራተኛ ወለሉ ካልተነካባት ከጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ አንጻር እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ቀጣሪው ጥቂት በሆነበት ገበያ ደመወዝ ቀድሞውንም ከሥራው ዋጋ በታች ስለሚቀመጥ፣ ወለሉ ከትርፉ ላይ እንጂ ከሥራ መደቡ ላይ አይቀንስም የሚለው ነው።

ሌላዋ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ሞጣ በቀጣሪ ማነስ ይህን ገበያ ብትመስልም፣ የትንሽ ከተማ ቀጣሪ ባመዛኙ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት ሳይሆን አንድ ሁለት ሰው ይዞ አብሮ የሚሠራ ባለ ሻይ ቤት ወይም ባለ ወፍጮ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወለሉ ሲከብደው በይፋ ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ ከገጠር የዘመድ ልጅ አምጥቶ በምግብና በመኝታ ማሠራት ይቀናዋል፤ ያ ልጅ ደግሞ በማንኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ አይታይም።

የምሥራቅ ጎጃም የቀን ሠራተኛ እስካሁን የተደገፈው በሕግ ወለል ሳይሆን በመንገድ ነው ቢባል አልተጋነነም። ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻ መውረድ የሚችል ጎልማሳ የቆላው ክፍያ ስንት እንደገባ ስለሚሰማ፣ የቢቸና ባለ ጤፍም ለአረምና ለአጨዳ ሰው ሲፈልግ ያንን ግምት ውስጥ ማስገባት ነበረበት። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገዱን አስጊ ሲያደርገው፣ ሠራተኛው ሌላ አገር አለኝ ብሎ የሚደራደርበት አቅሙ አብሮ ተዳክሟል።

ዝቅተኛ ክፍያ አሠሪንም እንደማይጠቅም የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምስክር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣ ጥናት መሠረት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል ስለነበር፣ ሠራተኛው በብዛት እየለቀቀ ፋብሪካዎቹ ያሠለጠኑትን በአዲስ ለመተካት ይገደዱ ነበር።

ወለሉ አንድ ቀን ቢቆረጥ፣ በገጠር መጀመሪያ የሚያከራክረው የብሩ ብዛት ሳይሆን ቀለብ ሳይሆን አይቀርም። አራሚና አጫጅ ከብሩ ጋር እንጀራና ጠላ ማግኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ምግቡ ከደመወዙ ይታሰብ ወይስ አይታሰብ የሚለው በግልጽ ካልተጻፈ፣ ባለ ማሳው በሕጉ የታዘዘውን ብር ሞልቶ ከፍሎ መሶቡን ሊያነሣ ይችላል።