ሞርፊን ለምን ይፈራል?

በየቤቱ «ነቀርሳ» ሲባል ሁለት በሽታ ይደባለቃል። የሳምባ ነቀርሳ የሚባለው ቲቢ ነው፤ እዚህ የምናነሳው ግን ካንሰርን ነው። ካንሰር ሲከፋ ብዙውን ጊዜ ጽኑ ሥቃይ አለው። ዕጩ መምህሩም ነገ ገጠር ሲመደብ «ይህን የመድኃኒት ወረቀት አንብብልኝ» የሚለው ሰው አይጠፋምና ነገሩን ማወቁ ይበጃል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞርፊን ከኦፒየም ተለይቶ ከወጣ 200 ዓመት አልፎታል። ሐኪሞች ግን «ሱስ ያስይዛል» እያሉ ቆጥበው፣ ያውም በሽተኛው ሲጮህ ብቻ ይሰጡት ነበር። ለንደን ውስጥ ዶክተር ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፍተው ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ይኸውም መድኃኒቱን በአፍ፣ ሰዓት ጠብቆ መስጠት ነው። የሚጠጣው ሞርፊን የሚሠራው አራት ሰዓት ያህል ነው። ሥቃዩ እስኪመለስ ከተጠበቀ ፍርሃት ይታከልበታል፣ ማስታገሱም ይከብዳል። በየአራት ሰዓቱ ከተወሰደ ግን ብቅ የሚልበት ቀዳዳ አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ይህንኑ በሦስት ደረጃ አወጣው፦ መጀመሪያ አስፒሪን ወይም ፓራሲታሞል፣ ካልበቃ ኮዴይን፣ ያም ካልበቃ ሞርፊን። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው ግን ደንግጦ ሊያቋርጠው ይችላል።

ታዲያ ለምን አይዳረስም? እዚህ ላይ ነገሩ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ ቢሮ ይገባል። የ1961 ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ቁጥጥርን ያዝዛል፤ ደግሞም መድኃኒቶቹ ለሥቃይ ማስታገሻ የግድ ስለሚያስፈልጉ መገኘት አለባቸው ይላል። ብዙ መንግሥታት የመጀመሪያውን አጥብቀው ይዘው ሁለተኛውን ረሱት ቢባል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱ አገር የዓመት ፍላጎቱን ገምቶ ቪየና ላለው ቦርድ ያስታውቃል። ሐኪሙ ፈርቶ ካላዘዘ ግምቱ ያንሳል፤ ግምቱ ካነሰ የሚገባው ያንሳል፤ መድኃኒቱ ከሌለ ደግሞ ሐኪሙ ማዘዝን ከየት ይልመድ?

ኡጋንዳ ይህን ቋጠሮ ፈታችው። ከ1993 ጀምሮ የሞርፊን ዱቄት በውሃ እየተበጠበጠ ለሕሙማን ቀረበ፤ በ2004 የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙት ተፈቀደ። በእኛ አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳት ጀመረ። የ2016–2020 ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድም ማስታገሻ ሕክምናን አካቷል።

ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከአዳማ 100፣ ከሻሸመኔ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጨረሩ ትልቅ መኪና ይፈልጋል። ሽሮፑ ግን መቂም ሆነ ባቱ ላይ የሚፈልገው የተፈቀደለት ባለሙያ፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥንና መዝገብ ነው።