አራቱ መንግሥቱዎች

በደርግ ዘመን ላደገ ኢትዮጵያዊ «መንግሥቱ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው አንድ ሰው ነው፤ ወታደራዊ ልብስ ለብሶ በአብዮት አደባባይ የሚናገረው ኮሎኔል። የአባቱን ስም መጨመር አያስፈልግም። ከዚያ ዘመን በኋላ የተወለዱትም ስሙን ከወላጆቻቸው የሰሙት በዚሁ መልክ ነው። እኔ ግን ይህ ስም ለአንድ ሰው ብቻ መተዉ አይዋጥልኝም። በዚያው ከተማ፣ በተቀራራቢ ዘመን፣ ሌሎች ሦስት መንግሥቱዎች አገር ያወቃቸው ሰዎች ሆነዋል፤ አንዱ ጄኔራል፣ አንዱ ኳስ ተጫዋች፣ አንዱ ባለቅኔ። ሦስቱንም አንባቢ በየሙያቸው እንዲያውቃቸው እፈልጋለሁ።

እንዲህ ያለ መደራረብ በእኛ ዘንድ የሚበዛው ከስም አወጣጣችን የተነሣ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ ስም ነው። ስለዚህ መንግሥቱ ለማን «ለማ» ብሎ የሚጠራ ሰው አባቱን ጠራ ማለት ነው። ሁለት ሞክሼዎችን የሚለየው የአባት ስም ነው፤ እሱም ሲቀር ማዕረግና ሙያ ይተካዋል፦ ጄኔራል መንግሥቱ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ፣ አሠልጣኝ መንግሥቱ። ሥልጣን የያዘው ሰው ግን መለያ አያሻውም። ለዓመታት ሬዲዮው፣ ጋዜጣውና የቀበሌው ስብሰባ ስሙን ሲደጋግሙት ሌሎቹ ሞክሼዎች ተሸፈኑ።

ከአራቱ ቀድሞ ስሙ በከተማው የተናኘው መንግሥቱ ንዋይ ነው። ብርጋዴር ጄኔራል ነበር፤ የክብር ዘበኛ አዛዥ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ደኅንነት በእጁ የተጣለ ሰው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብራዚልን ሲጎበኙ እሱና ታናሽ ወንድሙ ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የሐሳቡ ጠንሳሽ ገርማሜ እንደነበር ብዙዎች ይስማሙበታል። ገርማሜ በአሜሪካ ተምሮ የተመለሰ፣ በወላይታ አገረ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማደል በመጀመሩ ወደ ጅጅጋ የተዛወረ ሰው ነው። ጦሩና ሥልጣኑ ግን በታላቅየው እጅ ነበር። በአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ የተነበበው አዋጅ፣ ነጻነታቸውን ገና ያገኙ የአፍሪካ አገሮች ሲራመዱ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ መቅረቷን ያማረረ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ።

የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆሙ፤ ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። ወንድማማቾቹ ከመሸሻቸው በፊት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው በነበሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከሞቱት መካከል የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል። ዛሬ ያ ቤተ መንግሥት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ነው፤ በየቀኑ ተማሪዎች ይመላለሱበታል። ገርማሜ በሽሽት ላይ ሳለ ሞተ። መንግሥቱ ቆስሎ ተያዘ፣ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ሞት ተፈረደበት፤ ይግባኝም አልጠየቀም። መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በአደባባይ ተሰቀለ።

ስለዚህ ሰው አንድ ቃል ብቻ መናገር ይከብደኛል። ለተከታዩ የተማሪዎች ትውልድ ዙፋኑ ሊነቃነቅ እንደሚችል መጀመሪያ ያሳየ ሰው ነው፤ የ1966ቱ አብዮት ታሪክ ሲተረክ መነሻው ብዙ ጊዜ ከታኅሣሡ ግርግር ነው። በገነተ ልዑል አባታቸውን ላጡ ልጆች ግን ሌላ ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ብቻ የሚናገር ጽሑፍ ጄኔራሉን አላስተዋወቀም።

ከስቅላቱ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ሌላ መንግሥቱ ይጠራ ነበር። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ ኢትዮጵያ ከግብፅ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፣ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረገች፤ መጀመሪያ በግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎ በሉቺያኖ ቫሳሎ። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህን ዋንጫ አላነሣችም።

መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ውድድር 3 ጎሎችን አስቆጥሮ ከግብፁ ባዳዊ አብደል ፋታህ ጋር የኮከብ ጎል አግቢነቱን ተጋራ። በተከታዮቹ የአፍሪካ ዋንጫዎችም ተሰልፎ ጠቅላላ ጎሎቹን 10 አድርሷል። በዚህ ቁጥር በውድድሩ ታሪክ ብዙ ካገቡት ተጫዋቾች ተርታ ይቆማል፤ ከኢትዮጵያውያን የሚደርስበት የለም። ያኔ በውድድሩ የሚካፈሉት ቡድኖች ጥቂት፣ የሚደረጉትም ጨዋታዎች ጥቂት እንደነበሩ ሲታሰብ 10 ጎል ትልቅ ነገር ነው። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን የመራው እሱ ነው። ቡድኑ ከምድቡ አላለፈም፤ ሆኖም ኢትዮጵያ ወደዚያ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት ስለፈጀባት፣ ያ ተሳትፎ ለረጅም ጊዜ የመጨረሻው ሆኖ ቆየ። አሠልጣኝ መንግሥቱ ያን ትንሣኤ ሳያይ በ2003 ዓ.ም. አረፈ።

አሁን ወደ ባለቅኔው። ከአራቱ እጅግ የምወደው እሱን ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ማለቴን አንባቢ ይታገሰኝ።

መንግሥቱ ለማ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። አለቃ ለማ በቅኔና በትርጓሜ የታወቁ ሊቅ ነበሩ፤ ልጁም ቅኔውን ከቤት ጀምሮ እየሰማ አደገ። ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ገባ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ሄዶ ተማረ። ተመልሶም በመንግሥት ሥራና በዲፕሎማትነት አገልግሏል፤ ኒው ዴልሂ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርቷል። በግዕዝ ቅኔ የተገራ ጆሮና በእንግሊዝ ቴአትር የሠለጠነ ዓይን በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ። ለአማርኛ ተውኔት ይህ ትልቅ ዕድል ነበር።

ከእሱ በፊት የነበረው የአማርኛ ተውኔት በአብዛኛው የሚመክር፣ የሚገሥጽና የሚያስተምር ነበር። መንግሥቱ ለማ ሰው የሚስቅበትን ተውኔት ይዞ መጣ። በ1957 ዓ.ም. የታተመው «ያላቻ ጋብቻ» ከፍ ካለ ቤተሰብ የተወለደና ውጭ ተምሮ የመጣ ወጣት የቤት ሠራተኛውን ሲወድ የሚነሣውን ጣጣ ያሳያል። አክስቱ ስለ ዘርና ስለ ክብር የሚናገሩት ሁሉ አፈ ጮማ በሆነ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ተመልካቹ ይስቃል፣ በሳቁም ውስጥ የገዛ ቤተሰቡን ያገኛል። በ1961 ዓ.ም. የወጣው «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ የጠለፋ ጋብቻን ይዞ በዘመናዊነትና በባህል መካከል የሚዋልለውን የከተማ ሰው ይፈትሻል። ሁለቱም ተውኔቶች ማንንም ሰይጣን አያደርጉም። አክስቲቱም ጠላፊውም የራሳቸው አመክንዮ አላቸው፤ ደራሲው ሁሉንም አስጨርሶ ያናግራቸዋል።

በግጥሙም እንዲሁ ነው። «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» የተባለው ግጥሙ የአገር ቤት ክብሩን ይዞ አሜሪካ የሄደ ኢትዮጵያዊ ከቆዳ ቀለም አድልዎ ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን ይተርካል። አዝናኝ ነው፤ ውስጡ ግን የቆሰለ ክብር አለ። ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በሺዎች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግጥሙን ቢያነቡት ለእነሱ የተጻፈ እንደሚመስላቸው አልጠራጠርም።

እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የማስቀድመው በ1959 ዓ.ም. ያሳተመውን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው። ያረጁ አባቱን አስቀምጦ የሕይወት ታሪካቸውን ከአንደበታቸው ሰበሰበ፦ የቅኔ ቤት ኑሮን፣ የሊቃውንቱን ፉክክር፣ የቤተ መንግሥቱን ወሬ፣ ያለፈውን ዘመን አነጋገር። አባቱን በራሱ ቋንቋ አላስናገራቸውም፤ የእሳቸውን ጨዋታ እንዳለ አቆየው። ዘመናዊ የተማረው ልጅ የአብነት ትምህርት ቤቱን ሊቅ ዝም ብሎ የሰማበት ይህን የሚያህል መጽሐፍ በአማርኛ ብዙ አናገኝም። የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል።

በአብዮቱ ዘመን መንግሥቱ ለማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አስተምሯል፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ነው። ኮሎኔሉ አገሪቱን ሲገዛ ሞክሼው ተውኔት አጻጻፍ ያስተምር ነበር። በ1980 ዓ.ም. አረፈ። የራሱን የሕይወት ታሪክ የያዘው «ደማሙ ብዕረኛ» የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብዙ አልልም፤ አንባቢ ያውቀዋል። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ተገድለው ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ፤ በቀይ ሽብር ሺዎች አለቁ፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥሎ ወደ ዚምባብዌ ሄደ። በ1999 ዓ.ም. በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፣ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ፍርዱ ወደ ሞት ተለወጠ። ይህ ሁሉ በመዝገብ የተቀመጠ ስለሆነ ማንም አይረሳውም፤ ሊረሳም አይገባም። ቅር የሚለኝ፣ ይህ ሰው ገድሎና አስገድሎ በፈጠረው ፍርሃት የሌሎቹን ስም ጭምር ከልባችን መውሰዱ ነው።

እናም አንባቢ ሆይ፣ «ያላቻ ጋብቻ»ን ወይም «ጠልፎ በኪሴ»ን ካላነበቡ ፈልገው ያንብቡ። ኳስ የሚወዱ ልጆች በቤትዎ ካሉም፣ የ1954ቱን ዋንጫ አራተኛ ጎል ማን እንዳገባ ይንገሯቸው፤ ስሙን ሲጠሩ የአባቱን ስም አይዝለሉ፤ መንግሥቱ ወርቁ ይበሉ።