ይቅር ያለ ሰው ካሳ ይጠይቃልን?

በከሚሴ ያለፋችሁ ሁሉ አስፋልቱን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬና ከሰንበቴ በኩል የመጣው የጭነት መኪና ሁሉ በደጃችን አልፎ ወደ ሐርቡና ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከዚያም የሚበዛው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጅቡቲ ይወርዳል። በዚሁ መንገድ ላይ ወደ ጨፋ ግጦሽ የሚነዳ ከብት አለ፤ ግመል አለ፤ ደብተር ያዘለ ተማሪ አለ።

ከጉባኤያችን እህቶች አንዷ ባልዋን ያጣችው በዚህ መንገድ ዳር ነው። ማለዳ ወደ ሥራው በእግሩ ሲሄድ ተሳቢ የጫነ መኪና ገጨው። ሦስት ልጆች አሉአት።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይነሣ፣ የሾፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ከመጡት መካከል በአካባቢው የሚከበሩ የሙስሊም አባቶችም ነበሩ። በእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወሎ በአበጋር ደም አድርቆ፣ ኦሮሞው በጉማ ቂም ቀብሮ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ይህንን ባህል የሚንቅ ሰው የሚኖርበትን አገር አያውቅም። የሾፌሩ እናት መሬት ላይ ተደፍተው አለቀሱ። እህታችንም አብራ አለቀሰችና «ስለ ጌታ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለች። እኔም እዚያው ተቀምጬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ከዚያ አንዱ ሰው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ከይቅርታ ያለፈ ነገር ነበረበት፤ ቤተ ሰቡ «ከእንግዲህ በማንም ላይ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለንም» ብሎ እንዲፈርም ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ለሌላ መበለት ሲቀርብ፣ ፈርሚ ካሉአት ሰዎች መካከል እኔና ባለቤቴ ነበርንበት። «ክርስቲያን አይካሰስም» አልናት። ፈረመች። ለቀብር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ተሰጣት። ዓመት ሳይሞላ ትልቋ ልጅዋ ትምህርትዋን አቋርጣ ሻይ ቤት ተቀጠረች። ቤተ ክርስቲያንም ሁለት ጊዜ ጤፍ ሰፍራ ሰጠችና ረሳቻት። ያቺን ልጅ በመንገድ ባገኘኋት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6ን አጥንቼ ነበር። ነገር ግን ጳውሎስ የሚወቅሰው በመካከላቸው ሊፈርዱ የሚችሉ ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው በዓለም ዳኛ ፊት መጎተታቸውን ነው። መበደልን ታገሡ ሲልም፣ የራስህን መብት ተው ማለቱ እንጂ የወላጅ አልባውን እንጀራ ለሌላ ስጥ ማለቱ አይደለም። ራሱ ጳውሎስ አይደለምን በሐዋርያት ሥራ 25 ወደ ቄሣር ይግባኝ ያለው? የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆችስ በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ድርሻ ሲጠይቁ፣ ልክ ናቸው ያላቸው እግዚአብሔር አይደለምን (ዘኍልቍ 27)?

ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የከፈተልኝ ግን ዘፀአት 21 ነው። ሰውን ያቆሰለ ሰው ለተጎዳው ሥራ የፈታበትን ጊዜ ይክሳል፣ ማሳከሚያውንም ይከፍላል። ተዋጊነቱ የታወቀ በሬ ሰው ከገደለ ደግሞ ጥያቄው የሚመጣው ወደ በሬው ጌታ ነው።

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ይላል። በቁጥር 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ባለንብረቱ «እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ፤ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው» ብሎ አያመልጥም። እህቶቼ፣ ይህንን ልብ በሉ። በድንኳናችን መጥቶ የሚያለቅሰው አብዛኛውን ጊዜ በደመወዝ የሚያድር ሾፌር ነው። እርሱን ከልባችሁ ይቅር ልትሉት ትችላላችሁ። ካሳውን የምትጠይቁት ግን ባለንብረቱንና መኪናው መድን የተገባለትን ድርጅት ነው። እነርሱ ደግሞ በለቅሶው ላይ አልነበሩም።

ይቅርታችሁ የወንጀሉን ክስ እንደማያስቀረውም እወቁ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በዐቃቤ ሕግ የሚከሰስ ወንጀል ነው፤ ዕርቁ ቅጣት ለማቅለል ሊረዳ ይችል ይሆናል እንጂ መዝገቡን አይዘጋም። የካሳው ነገር ግን የቤተ ሰቡ ስለሆነ በፊርማችሁ ይዘጋል። አንዴ በስምምነት የተቋጨውን ደግሞ ፍርድ ቤት በቀላሉ አያፈርሰውም። ስለዚህ የዕርቁ ወረቀት ይቅርታውን ብቻ ይጻፍ፤ ካሳ የሚለው ቃል ካለበት ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ። በሽማግሌ ፊት ካሳ መቀበልም ነውር የለበትም፤ ልኩ ታውቆ፣ የልጆቹ ድርሻ ታስቦ ከሆነ።

ስለ መድኑ ጥቂት ልበል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ ምልክቱም በመስታወቱ ላይ ይለጠፋል። አዋጁ ሲወጣ የአስቸኳይ ሕክምናው ወጪ እስከ 2,000 ብር፣ የሞት ካሳው ደግሞ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ልኩ በደንብ ከፍ ተደርጓል፤ ዛሬ የሚሠራበትን ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ቢሆንስ? ለዚህ የመድን ፈንድ ተቋቁሞአል። መድኑ የከፈለው ከጉዳቱ ካነሰም ቀሪውን ከባለንብረቱ ላይ መጠየቅ ይቻላል። ሟች በሞተ ጊዜ ሕጉ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጆችና ለወላጆች ያጡትን መተዳደሪያ ያስባል። ለኅሊና ጉዳት ግን በቁጥር 2116 የተቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ብዙ ገንዘብ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ የአንድ ባል ኀዘን በዚህ ሲተመን ሳይ ምን እንደምል አላውቅም።

ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው (ቁጥር 2143)። ነገሩ ወንጀል ሲሆን ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ እናንተ ግን በሁለቱ ዓመት ውስጥ ጨርሱ። ኀዘን ቀን አያስቆጥርም፤ ሙት ዓመት ይወጣል፣ ሌላ ዓመት ይከተላል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወይም ዲያቆን ቀኑን ይያዝላት። የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና የቦታውን ፕላን፣ የሐኪሙን ማስረጃ፣ የታርጋውን ቁጥር፣ ሟች ያገኝ የነበረውን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት አብሮአት ይፈልግ። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው አቅም እንደሌለው አስመስክሮ በነፃ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ እንደሚችልም ይንገራት። በዞናችን የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ የማይችል ካለ የሚያስረዳው ሰው አብሮት ይሂድ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ነው። እህታችን ፍርድ ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የተጠየቀችው ሚስትነትዋን ነበር። ሠርጓ በቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቬሎም ፎቶም አለ። የጋብቻ ወረቀቱ ግን ቤት ሲቀያየሩ ጠፍቶአል፤ የትንሹ ልጅ ልደትም አልተመዘገበም። ምስክር ለማቆም ወራት ወሰደ። ጋብቻና ልደት በወሳኝ ኩነት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ ሣጥናችሁን ክፈቱና ወረቀቶቻችሁ የት እንዳሉ ተያዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለመዘምራን አለቆች። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና የሠርግ ሰዎችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እኛም ለኮንፈረንስ ወጣቶቻችንን በጭነት መኪና ላይ አቁመን እየዘመሩ የሸኘንበት ጊዜ አለ። ከእንግዲህ አናድርገው።

የእህታችን ክስ የተመሠረተው አደጋው በደረሰ በ19ኛው ወር ነው፤ ወረቀቱን ሳትፈርም ቀርታ ነበርና። መዝገቡ ገና አልተቋጨም። ባለፈው ሳምንት የሾፌሩ እናት ቅቤ ይዘው ሊጠይቁአት መጡ። ቡና አፍልታ አስተናገደቻቸው፤ እኔም ሦስተኛውን እስክንጠጣ ድረስ አብሬአቸው ተቀመጥሁ። የፍርድ ቤቱን ነገር ማንም አላነሣም። ሲወጡ ትንሹን ልጅ አቅፈው ሳሙት፤ እርስዋም እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝታቸው፣ እጃቸውን ይዛ አሻገረቻቸው።