ስለ ቀርከሃ ወንበር አጠባበቅ

ቀርከሃ በአዊና በሲዳማ ደጋ ይበቅላል፤ ከእርሱም ወንበር፥ ጠረጴዛና አልጋ ይሠራል። ወገኑ ከሣር ስለሆነ ፈጥኖ ያድጋል፤ ነገር ግን ነቀዝ የሚመገበው ዱቄት መሰል ነገር በውስጡ አለ። ስለዚህ ለሥራ የሚቆረጠው 3 ዓመት የሞላው ነው፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፥ ቶሎም ይበላል።

ዓመቱ በ4 ወቅት እንደሚከፈል፥ የወንበሩም ጥበቃ እንዲሁ ነው።

በክረምት፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ ወንበሩ በደጅ አይደር። እርጥበት ሻጋታን ያመጣል፤ ምስጥም ከመሬት ይወጣል። ስለዚህ እግሮቹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሆነው በቤት ውስጥ ይቀመጥ።

በመፀው፥ ሻጋታው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወንበሩ ነፋስ ባለበት ጥላ ይድረቅ። በውኃ መንከር ግን አይገባም፤ ማሰሪያውን ያላላልና።

በበጋ፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ የቀትር ፀሐይ ቀርከሃውን ስለሚሰነጥቀው ከጥላ ሥር ይዋል፤ የተልባ ዘይትም በስሱ ይቀባ። የተቀባበትም ጨርቅ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

በፀደይ፥ ክረምቱ ሳይገባ አስቀድሞ የላላው ማሰሪያ ይጥበቅ። ከወንበሩ በታች ነጭ ብናኝ ቢታይ ነቀዝ መግባቱን ያመለክታል፤ የተበላው ዘንግ ወጥቶ ይቃጠል፥ በሌላም ይተካ።

ወንበር የሚገዛበት ገንዘብ የብዙ ቀን ድካም ነው፤ ጥበቃው ግን በየወቅቱ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ተማሪም ይህን በትምህርት ቤቱ ወንበር ቢለማመድ የወላጆቹን ቤት ንብረት ከጥፋት ያድናል።